ለሴት ልጅ ክለብ መምረጥ፦ የአንድ አዲስ ጭንቀት ታሪክ

አያቶቻችን ለሴት ልጅ ብዙ ነገር መርጠዋል። ክርስትና እናት መርጠዋል፣ ባለሞያ አክስት መርጠዋል፣ ዘር ቆጥረው ባል መርጠዋል። ከተሜው ደግሞ ቆየት ብሎ ትምህርት ቤት መምረጥ ጀመረ። ለሴት ልጁ የእግር ኳስ ክለብ የመረጠ አባት ግን አልተሰማም፤ ቢሰማም ኖሮ ሰፈርተኛው ጸበል ውሰዱት ባለ ነበር።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባምና ዛሬ ነገሩ ተለውጧል። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሲያትል ወይም በካሊፎርኒያዋ ሳን ሆዜ ዘመድ ያለው ሰው ስልክ ሲደውል ከሰላምታውና ከቤተ ክርስቲያን ወሬው ቀጥሎ የሚሰማው አንዳንዴ ይኸው ነው፦ «ልጅቷ ሁለት ክለብ ተፈትና ሁለቱም ወስደዋታል፤ አንዱ ቅርብ ነው፣ ሌላው ስም ያለው ነው፤ ምን እናድርግ?» የአዲስ አበባው ሰሚ ይስቃል። «ለኳስ ነው እንዲህ የምትጨነቁት?» ይላል።

ጭንቀቱ ግን የዋዛ አይደለም። ውሳኔው በዓመት በሺህ የሚቆጠር ዶላር ይጠይቃል፤ በሳምንት ሦስት አራት ምሽት ይወስዳል፤ ቅዳሜና እሁድን ይበላል። ሁለት ሥራ ለሚሠራ ወላጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከሁሉም በላይ የአንዲት የአሥር ወይም የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ልብ በመካከሉ አለ። ልጅቷ «አልፈሻል» ወይም «አላለፍሽም» የሚል ፍርድ ከባዕድ ሰው አፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሰማው እዚያ ሜዳ ላይ ሊሆን ይችላል።

ምክር ሰጪ ሞልቷል። ምክሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከዛሬው የክለቦች ደረጃ ነው፤ የትኛው ክለብ ስንተኛ ወጣ፣ የትኛው በየትኛው ሊግ ይጫወታል ከሚለው። ከታሪኩ የሚነሳ ሰው የሚጠይቀው ሌላ ነው። ይህን ክለብ የሚባል ነገር ማን ፈጠረው? ለማን ብሎ ፈጠረው? ዛሬስ የማንን ጉዳይ ያስፈጽማል? ታሪኩ ከሃምሳ ዓመት ብዙም አይዘልምና መልሱ ሩቅ አይደለም። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የተዘጋው በር

ሴት ልጅ ኳስ መምታት የጀመረችው ትናንት አይደለም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወንዶቹ ግንባር ሲዘምቱ የእንግሊዝን የጥይት ፋብሪካዎች ሴቶች ያዙ። በፕሬስተን ከተማ የዲክ ከር ፋብሪካ ሠራተኞች የነበሩ ሴቶች በ1917 ቡድን አቋቋሙ። በጨዋታው የሚገኘውን ገንዘብ ለቁስለኞችና ለበጎ አድራጎት ይሰጡ ነበር። በ1920 የገና ማግስት በሊቨርፑሉ ጉዲሰን ፓርክ ሲጫወቱ 53 ሺህ ያህል ሰው ተመለከታቸው።

ይህ ደስታ አንድ ዓመት እንኳ አልዘለቀም። የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር በታኅሣሥ 1921 ጨዋታው ለሴቶች የማይስማማ ነው ብሎ ደመደመ፤ አባል ክለቦቹም ሜዳቸውን ለሴቶች እንዳይሰጡ ከለከለ። እገዳው ሃምሳ ዓመት ያህል ቆየ። ጀርመኖች በ1955 ተመሳሳይ ክልከላ አውጥተው በ1970 አነሱ። ብራዚል ደግሞ፣ ያቺ የኳስ አገር የምትባለው፣ ከ1941 እስከ 1979 ሴቶቿን በሕግ ከልክላለች። እንግዲህ ኳስን እንደ ሃይማኖት የያዙት አገሮች በሩን በሴት ልጆቻቸው ላይ ዘግተው ነበር ማለት ነው።

አሜሪካ እንዲህ ያለ እገዳ አላስፈለጋትም። ለምን ቢሉ፣ እዚያ አገር እግር ኳስ የማንም ክብር አልነበረም። ወንዱ ቤዝቦሉንና የራሱን ባለ ሄልሜት ፉትቦል ይዟል፤ በእግር የሚመታው ኳስ የስደተኛ ሠፈር ጨዋታ ተደርጎ ይታይ ነበር። ባለቤት የሌለው ቤት ደግሞ ለመግባት አይከብድም። በ1964 በሎስ አንጀለስ አጠገብ ባለችው በቶራንስ ከተማ አይሶ የተባለው የወጣቶች እግር ኳስ ድርጅት ተቋቋመ። የታወቀው መርሑ «ሁሉም ይጫወታል» የሚል ነው፤ ችሎታው ምንም ይሁን ምን የተመዘገበ ልጅ ሁሉ ሜዳ ይገባል። ድርጅቱ በ1971 ለሴት ልጆች ፕሮግራም ከፈተ። አሰልጣኞቹ ያለ ክፍያ የሚሠሩ ወላጆች ነበሩ፤ ብዙዎቹም ኳስን ከመጽሐፍ የተማሩ ናቸው።

በዚያው ዘመን፣ በ1971–72 የትምህርት ዓመት፣ በመላው አሜሪካ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቡድኖች እግር ኳስ የሚጫወቱት ሴቶች ቁጥር 700 ብቻ እንደነበረ ተመዝግቧል። ዛሬ ይኸው ቁጥር ከ350 ሺህ በላይ ነው። በመካከሉ ምን ተፈጠረ?

ኳስ የሚል ቃል የሌለበት ሕግ

የተፈጠረው ሕግ ነው። ፕሬዚዳንት ኒክሰን በሰኔ 1972 የፈረሙበት የትምህርት ሕግ ውስጥ ታይትል ናይን (ርዕስ ዘጠኝ) የሚባል ክፍል አለ። ከፌደራሉ መንግሥት ገንዘብ በሚቀበል በማንኛውም የትምህርት ፕሮግራም ማንም ሰው በፆታው ምክንያት እንዳይገለልና እንዳይበደል ይደነግጋል። በምክር ቤት ከታገሉለት አንዷ የሃዋይ ተወካይ የነበሩት ፓትሲ ሚንክ ናቸው። በዋናው ድንጋጌ ውስጥ ኳስ የሚል ቃል የለም፤ ስፖርት የሚል ቃልም የለም። ሕጉ የታሰበው ይበልጡን ሴቶች ወደ ሕክምናና ወደ ሕግ ትምህርት ቤቶች እንዳይገቡ ለሚከለክለው ኮታና ለሴት መምህራን ቅጥር ነበር።

ሕግ ግን አንዴ ከወጣ በኋላ የራሱን መንገድ ይሄዳል። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ለወንዶች ፉትቦል ብቻ ከሰማንያ የማያንሱ ነፃ የትምህርት ዕድሎች የሚሰጡ ነበሩ። ለሴቶችስ? ተብሎ ሲጠየቅ መልስ ያስፈልጋል። ለዚህ ሒሳብ እግር ኳስ ምቹ ሆኖ ተገኘ። አንድ ቡድን ሃያ አምስትና ሠላሳ ተጫዋች ይይዛል፤ የሚያስፈልገው ሜዳ፣ ኳስና ሁለት ጎል ነው። ስለዚህ የስፖርት ኃላፊዎቹ፣ አንዳንዱ በእምነት፣ አንዳንዱ ክስ ፈርቶ፣ የሴቶች እግር ኳስ ቡድን ማቋቋም ያዙ። በ1982 የኮሌጆች ስፖርት ማኅበር ኤን.ሲ.ኤ.ኤ. የመጀመሪያውን የሴቶች የእግር ኳስ ሻምፒዮና አዘጋጀ። የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ አሸነፈ፤ ከዚያም በኋላ ደጋግሞ አሸነፈ።

ለክለብ መራጩ ወላጅ የዚህ ታሪክ ፍሬ እዚህ ላይ ነው። በሌላው ዓለም መንገዱ ከሰፈር ሜዳ ተነስቶ ወደላይ ሲሠራ፣ በአሜሪካ የተሠራው ከላይ ወደታች ነው። መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ነፃ የትምህርት ዕድል የሚል ሽልማት ተሰቀለ። ቀጥሎ ሽልማቱን የሚሰጠው አሰልጣኝ ተጫዋቾችን የሚያይበት ቦታ ፈለገ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በየመንደሩ የተበተኑ ናቸው፤ በአንዱ ቡድን ጥሩ ተጫዋች አንዲት ብቻ ልትኖር ትችላለች። ጥሩ ጥሩዎቹን ለቅሞ በአንድ ማሊያ የሚያሰልፍ፣ በአንድ ቅዳሜና እሁድም ለአንድ መቶ አሰልጣኝ የሚያሳይ ተቋም አስፈለገ። ተፎካካሪው የወጣቶች ክለብ የሚባለው ይህን ክፍተት ሞላ። እንግዲህ ክለቡ ከጥንስሱ ሁለት ጌታ አለው፦ ልጅቷና ገበያው።

ከዳላስ እስከ ሲያን

ከሁለቱ ጌቶች ልጅቷ ብቻ የነበረችበትን ዘመን ለማየት ወደ ቴክሳስ መሄድ ነው። በ1973 ቢል ኪንደር የተባለ ሰው በዳላስ ከተማ ስቲንግ የሚባል የሴት ልጆች ክለብ አቋቋመ። ታይትል ናይን ከወጣ ገና ዓመት ቢሆነው ነው። የዩኒቨርሲቲ ሽልማት የለም፤ ብሔራዊ ቡድን የለም፤ በቴሌቪዥን የሚታይ አርአያ የለም። ልጆቹ የሚጫወቱት መጫወት ስለወደዱ ብቻ ነበር።

እነዚህ ልጆች አድገው ከ19 ዓመት በታች ቡድን በሆኑበት ጊዜ፣ በ1984፣ ቻይና በሲያን ከተማ ዓለም አቀፍ የሴቶች ውድድር አዘጋጀች። አሜሪካ የምትልከው የሴቶች ብሔራዊ ቡድን አልነበራትም። የዳላስ ልጆች አገራቸውን ወክለው ሄዱ። ከትልልቅ ሴቶች ቡድኖች ጋር ተጫውተውም ውድድሩን አሸንፈው ተመለሱ።

በተከታዩ ዓመት፣ በነሐሴ 1985፣ የመጀመሪያው የአሜሪካ ሴቶች ብሔራዊ ቡድን በኢጣሊያ ጄሶሎ ከተማ ተጫወተ። የለበሱት ማሊያ ለወንዶች የተሰፋ ነበር፤ በኢጣሊያም 1 ለ 0 ተሸነፉ። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1991፣ ያው ቡድን በቻይና በተዘጋጀው የመጀመሪያው የሴቶች ዓለም ዋንጫ ኖርዌይን 2 ለ 1 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ሌሎቹ አገሮች በእገዳ ያባከኑትን ጊዜ አሜሪካኖቹ ተጠቅመውበታል።

ሁሉን ነገር የለወጠው ግን ሐምሌ 1999 ነው። በካሊፎርኒያ ሮዝ ቦውል ስታዲየም 90,185 ሰው በተገኘበት የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ አሜሪካ ቻይናን በመለያ ምት አሸነፈች። የመጨረሻውን ምት የመታችው ብራንዲ ቻስቴን ማሊያዋን አውልቃ በጉልበቷ ስትንበረከክ የተነሳችው ፎቶግራፍ ዓለምን ዞረ። የሚያ ሃም ስም የተጻፈበት ማሊያ የለበሱ ትንንሽ ልጆች ስታዲየሙን ሞልተውት ነበር። እነዚያ ልጆች ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ለወላጆቻቸው የሚሉት የታወቀ ነው። ወላጆቹም ክለብ ፍለጋ ወጡ።

ላም አለኝ በሰማይ

ፍላጎት ሲበዛ ገበያ ይደራል። በአውሮፓ አንድ ትልቅ ክለብ አንድን ልጅ በነፃ የሚያሰለጥነው ነገ ሊያሰልፈው ወይም ሊሸጠው ነው፤ ወጪው የክለቡ ነው። በአሜሪካ ግን አብዛኛው የወጣቶች ክለብ የሚሸጠው ተጫዋች የለውም። የአሰልጣኙ ደመወዝ፣ የሜዳው ኪራይ፣ የጽሕፈት ቤቱ ወጪ የሚሸፈነው ወላጁ በሚከፍለው ነው። ስለዚህ ክለቡ ለወላጁ አንድ የሚሸጠው ነገር ያስፈልገዋል። የሚሸጠውም ተስፋ ነው፤ የተስፋው ምልክት ደግሞ ክለቡ የሚጫወትበት ሊግ ስም ነው።

የምልክቱን ዕድሜ ተመልከቱ። በ2009 ትልልቅ የሴት ልጆች ክለቦች ተሰባስበው ኢ.ሲ.ኤን.ኤል. የሚባል አገር አቀፍ ሊግ አቋቋሙ። በ2017 የአሜሪካ እግር ኳስ ፌዴሬሽን «ከዚህ የሚበልጥ አለኝ» ብሎ ለወንዶች በ2007 የጀመረውን ዴቨሎፕመንት አካዳሚ ለሴቶችም ከፈተ። ይኸኛው ልጆቹ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤታቸው እንዲጫወቱ አይፈልግም ነበር። ክርክር ተነሳ፤ ክለቦች ተከፋፈሉ። ወላጆችም ልጆቻቸውን ከጓደኞቻቸው ነጥለው፣ የትምህርት ቤት ማሊያቸውን አስወልቀው፣ አዲሱ ምልክት ወዳለበት ክለብ አዛወሩ። በሚያዝያ 2020፣ በኮሮና ወረርሽኝ መካከል፣ ፌዴሬሽኑ ፕሮግራሙን ዘጋው። ለሴቶቹ ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላውም። ከፍርስራሹ ገርልስ አካዳሚ የሚባል ሌላ ሊግ በዚያው ዓመት ተወለደ፤ ሌሎቹ ክለቦች ወደ ቀድሞው ሊግ ተመለሱ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

የዕድሜ አከፋፈሉም እንዲሁ ነው። ፌዴሬሽኑ ከ2017 ጀምሮ ልጆች በትምህርት ዘመን ሳይሆን በተወለዱበት ዓመት እንዲመደቡ አስገደደ፤ በዚህ ምክንያት አብረው ያደጉ የክፍል ጓደኞች ቡድናቸው ለሁለት ተከፈለ። በ2024 መጨረሻ ደግሞ ግዴታውን አነሳ፤ ዋና ዋናዎቹ የወጣት ድርጅቶችም ከ2026–27 የውድድር ዘመን ጀምሮ ወደ ትምህርት ዘመኑ አቆጣጠር ለመመለስ ወሰኑ። ለአዋቂዎቹ ይህ የሰነድ ጉዳይ ነው፤ ለአሥር ዓመት ልጅ ግን ሙሉ የጓደኛ ዓለም ነው።

ክፍያውስ? አስፐን ኢንስቲትዩት የተባለው ተቋም ባደረገው ጥናት መሠረት በ2024 አንድ የአሜሪካ ቤተሰብ ለልጁ ዋና ስፖርት በአማካይ 1,016 ዶላር አውጥቷል። ይህ የሁሉም ስፖርት፣ የሰፈሩም የትልቁም አማካይ ነው። በአገር አቀፍ ሊግ የሚጫወት ክለብ ከአውሮፕላን ትኬቱና ከሆቴሉ ጋር ከዚህ ብዙ እጥፍ ይሆናል። ወላጁ «የዩኒቨርሲቲ ክፍያ ይተካልኛል» እያለ ይጽናናል። እስከ 2025 ድረስ በነበረው ደንብ አንድ የአንደኛ ዲቪዚዮን የሴቶች ቡድን ሊሰጥ የሚችለው ከ14 ያልበለጠ ሙሉ የትምህርት ዕድል ነበር፤ ያንኑም አሰልጣኙ ለሃያ አምስትና ለሠላሳ ተጫዋች ቆራርሶ ያድለዋል። ከ2025 ወዲህ ደንቡ ተለውጦ አዲሱን ሥርዓት የተቀበሉ ዩኒቨርሲቲዎች በ28 ተጫዋች ተወስነው ለሁሉም መስጠት ተፈቅዶላቸዋል፤ መፍቀድ ግን ገንዘቡን ማቅረብ አይደለም። ስምንት ዓመት ለክለብ የሚከፈለው በባንክ ቢቀመጥ ምን ያህል እንደሚሆን የሚያሰላ ወላጅ ስንት ነው? ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ሌላም ዋጋ አለ፤ የሚከፈለው በዶላር አይደለም። ሴት ልጆች በአሥራዎቹ ዕድሜ የጉልበታቸው ጅማት የመበጠስ አደጋ ከወንዶቹ በብዙ ይበልጣል። ዓመቱን ሙሉ ያለ ዕረፍት መጫወት ደግሞ ሰውነትን ያደክማል። ከዚህም የከፋ አለ። በ2022 የቀድሞዋ ምክትል ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሳሊ ዬትስ በአሜሪካ የሴቶች ፕሮፌሽናል ሊግ ስለደረሰው በደል ያቀረቡት የምርመራ ሪፖርት፣ የአሰልጣኞች ስድብ፣ ማዋረድና የፆታ ትንኮሳ በሊጉ ሥር የሰደደ እንደነበር ገልጿል። ሥሩም ወደ ወጣቶች እግር ኳስ እንደሚወርድ፣ ልጆች ስድብን የስልጠና አካል አድርገው እየለመዱት እንደሚያድጉ አመልክቷል። «ጠንካራ አሰልጣኝ ነው» የሚለው ምስጋና ውስጥ ምን እንዳለ መመርመር የወላጅ ፋንታ ነው።

የማለዳ ልጅ

ወደ ራሳችን ሰዎች እንምጣ። በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን የስፖርት ፌዴሬሽን በ1984 ሂውስተን ላይ ተመሠረተ። በየዓመቱ በሐምሌ መጀመሪያ ከተማ እየቀያየረ የሚያካሂደው ውድድር ለስደተኛው ከኳስም በላይ ሆኗል፤ ሰው ዘመዱን የሚያገኝበት፣ እንጀራና ቡና የሚሸትበት፣ አገር ቤት የሚናፈቅበት ሳምንት ነው። የውድድሩ ዋና ነገር ግን ለረዥም ዘመን የአዋቂ ወንዶች ቡድኖች ናቸው። አባት ሜዳ ሲገባ ሴት ልጁ ከአጥሩ ውጭ ቆማ ታያለች።

በሳን ሆዜ ከተማ አንድ ኢትዮጵያዊ አባት ልጆቹን ከአጥሩ ውጭ አላቆመም። ማለዳ የሚባል የኳስ ስብስብ አቋቋመ። ዓላማው ኮከብ ማፍራት አልነበረም፤ የኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች በየሳምንቱ መጨረሻ እንዲገናኙ፣ ልጆቻቸውም እንዲተዋወቁና እንዲሮጡ ነበር። ከልጆቹ አንዷ በ2000 የተወለደችው የራሱ ልጅ ናኦሚ ናት። በአምስት ዓመቷ ኳስ የጀመረችው እዚያ ነው። ዛሬ ዓለም ናኦሚ ግርማ ብሎ ይጠራታል፤ «ግርማ» የአባቷ ስም መሆኑን የሚያውቀው እኛው ነን።

ናኦሚ በማለዳ ብቻ ተወስና እዚህ ደረሰች ማለት ተረት ይሆናል። ከፍ ስትል ወደ ተፎካካሪ ክለቦች ገብታለች፤ ካሊፎርኒያ ቶርንስ የሚባለው ይገኝበታል። ከዚያ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ገባች፤ በ2019 ቡድኑ የአገሪቱን ሻምፒዮና ሲወስድ አምበል ነበረች። በተከታዩ ዓመት የጉልበቷ ጅማት ተበጠሰ፤ አገግማ ተመለሰች። በ2022 ሳን ዲዬጎ ዌቭ ከአዲስ ገቢዎች ሁሉ ቀድሞ መረጣት፤ በመጀመሪያ ዓመቷም የሊጉ ምርጥ ተከላካይ ተባለች። በ2023 የአሜሪካ የዓመቱ ምርጥ ሴት ተጫዋች ሆነች፤ ከእርሷ በፊት ይህን ሽልማት የወሰደች ተከላካይ አልነበረችም። በነሐሴ 2024 ብራዚልን 1 ለ 0 አሸንፋ የኦሎምፒክ ወርቅ ካጠለቀችው ቡድን ጋር ፓሪስ ላይ ነበረች። በጥር 2025 የእንግሊዙ ቼልሲ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍሎ ወሰዳት፤ ይህን ያህል የተከፈለባት የመጀመሪያዋ ሴት ተጫዋች እርሷ ናት። ሴቶችን ከሜዳ ባባረረችው አገር!

ከዚህ ታሪክ የሚወሰደው ትምህርት ምንድን ነው? «ልጃችሁን እዚህ ክለብ አስገቡ፣ ሚሊዮን ታመጣለች» አይደለም። ናኦሚን የምታህል አንዲት ናት፤ ማሊያቸውን አጥፈው ሌላ ሥራ የያዙት ግን በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ናቸው። ልብ የሚባለው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ ጨዋታና ወገን፤ ቀጥሎ ክለብ፤ ምልክቱና ስሙ የመጣው በመጨረሻ ነው። ሌላዋ የዓለም ሻምፒዮን አሌክስ ሞርጋንም ተፎካካሪ ክለብ የገባችው በ14 ዓመቷ ነው። «በስምንት ዓመቷ ካልገባች አበቃላት» የሚለው ማስፈራሪያ እውነት ቢሆን ኖሮ ዓለም ሞርጋንን አያውቃትም ነበር።

ታሪኩ ለመራጩ የሚለው

ታሪክ ክለብ መርጦ አይሰጥም። የሚጠየቀውን ጥያቄ ግን ያስተካክላል። ሊጎች በሦስት ዓመት ተከፍተው ሲዘጉ ካየን፣ «በየትኛው ሊግ ነው?» የሚለው የመጀመሪያ ጥያቄ መሆን የለበትም። ያ ምልክት ልጅቷ ሳታድግ ሊቀየር ይችላል።

የመጀመሪያው ጥያቄ የ1964ቱ ነው፦ ትጫወታለች ወይ? በታላቅ ክለብ ተጠባባቂ ወንበር ላይ የተቀመጠች የ11 ዓመት ልጅ በትንሽ ክለብ ሙሉ ጨዋታ ከምትሮጠው ያነሰ ትማራለች። ኳስ በማየት ቢለመድ ኖሮ የስታዲየም ተመልካቹ ሁሉ ኮከብ በሆነ።

ሁለተኛው ስለ አሰልጣኙ ነው፤ ስለ ክለቡ ሳይሆን ልጅቷን በዓመቱ ውስጥ ስለሚይዛት አንድ ሰው። ወላጁ ጨዋታ ሳይሆን ልምምድ ይመልከት። ልጅ ስትሳሳት አሰልጣኙ ምን ይላታል? ልጆቹ ስህተት ሲሠሩ ወዴት ያያሉ፤ ወደ ኳሱ ወይስ ወደ አሰልጣኙ ፊት? ባለፈው ዓመት ከነበሩት ልጆች ስንቱ ቀሩ፣ የሄዱትስ ለምን ሄዱ? አንድ አዋቂ ከአንዲት ልጅ ጋር ብቻውን እንዳይሆን፣ በስልክም ለብቻዋ እንዳይጽፍላት የሚከለክል ደንብ አለ ወይ? ይህን ሲጠየቅ የሚቆጣ ክለብ መልሱን ሰጥቷል።

ሦስተኛው ስለ ሰውነቷ ነው። ፊፋ 11 ፕላስ የሚባል፣ ከልምምድ በፊት ሃያ ደቂቃ ያህል የሚሠራ ማሟሟቂያ አለ። በ2008 በታተመ የኖርዌይ ጥናት ከ13 እስከ 17 ዓመት በሆኑ 1,892 ሴት ልጆች ላይ ተፈትኖ ከባድ ጉዳትን በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ ታይቷል። ምንም ገንዘብ አያስወጣም። በሺህ የሚቆጠር ዶላር ተቀብሎ ይህን ሃያ ደቂቃ የሚያጓድል አሰልጣኝ ለልጅቷ ጉልበት አያስብም ማለት ነው።

አራተኛው ሒሳቡ ነው። መዝገቢያውን ብቻ ሳይሆን ማሊያውን፣ የውድድር መግቢያውን፣ ነዳጁን፣ ሆቴሉን፣ ወላጁ ከሥራ የሚቀርበትንም ቀን አንድ ወረቀት ላይ መጻፍ ነው። ብዙ ክለቦች አቅም ለሌለው የክፍያ እርዳታ አላቸው፤ የሚያገኘው ግን የሚጠይቅ ነው። የእኛ ሰው ለልጁ ትምህርት ቤት ሲለምን አያፍርም፣ ለኳስ ሲሆን ያፍራል፤ ባያፍር መልካም ነው። አንድ ልጅ ሜዳ ስትውል ታናሽ ወንድሟ መኪና ውስጥ ሲያድግ ደግሞ ያም ከሒሳቡ መግባት አለበት።

የመጨረሻው ጥያቄ ለክለቡ አይቀርብም፤ ለልጅቷ ነው። አያቶቻችን ለሴት ልጅ ብዙ ነገር ሲመርጡ እርሷን አልጠየቁም። ስለ ማሊያዋም ካልጠየቅናት የለወጥነው ነገር የተመረጠላትን ዕቃ ብቻ ነው። በመኪና ወደ ቤት ስትመለስ ከጨዋታው አንዱን ነገር እየሳቀች ታወራለች ወይስ መስኮቱን እያየች ዝም ትላለች? ዝም ካለች የክለቡ ስም ምን ቢያምር ነገሩ ልክ አይደለም።

የዳላሶቹ ልጆች ወደ ሲያን ሲሄዱ የሚጠብቃቸው የትምህርት ዕድል እንደነበረ የነገራቸው አልነበረም። የሳን ሆዜዋ ልጅም ማለዳ ላይ ኳስ ስትከተል ቼልሲን አታውቅም። በሁለቱም ቦታ በመጀመሪያ የነበረው ልጆችን የሚሰበስብ አንድ አዋቂ፣ አንድ ሜዳና የሚሄዱበት ጓደኛ ነው። ይህ ያለበት ክለብ በትልቁም በትንሹም ሊግ ይገኛል። የሌለበትም እንዲሁ።